መድኃኒቱን የመጠበቅ አደራ፦ በሆስፒታሎች የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም ቁጥጥር የተጀመረበት ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገሮችን ላሳስብ። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአዳራሹ ውስጥ ሐኪሞችም፣ የመድኃኒት ባለሙያዎችም፣ የታሪክ ተማሪዎችም ስላላችሁ ለአንዱ ወገን የታወቀውን ለሌላው ስል ብደግመው ቅር እንዳትሰኙ እለምናለሁ።

የዛሬው ርእሰ ጉዳይ አንቲባዮቲክ እንዴት እንደተገኘ አይደለም። በ1928 በለንደን ሴንት ሜሪ ሆስፒታል ስለተገኘው ሻጋታ ያልሰማ ከመካከላችን የለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ሐኪም ለሕመምተኛው የጻፈውን ማዘዣ ሌላ ባለሙያ «ይህ አያስፈልግም» ብሎ የመመለስ ሥልጣን ያገኘው መቼ ነው? ማንስ ሰጠው? በሆስፒታል ውስጥ የአንቲባዮቲክ አጠቃቀምን የሚቆጣጠር መርሐ ግብር ማቋቋም ከላይ ሲያዩት ኮሚቴ መሰየም፣ መመሪያ መጻፍና ቅጽ ማባዛት ይመስላል። ከሥር ግን ያለው ይኸው የሥልጣን ጥያቄ ነው፤ ታሪኩም በዚሁ መነጽር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ ሰው አልነበረም፤ እጥረት ነበር። በፌብሩዋሪ 1941 አልበርት አሌክሳንደር የተባሉ የፖሊስ ባልደረባ በኦክስፎርድ ራድክሊፍ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ኢንፌክሽኑ ፊታቸውንና የራስ ቅላቸውን ወርሶ አንድ ዓይናቸውን አጥፍቶባቸዋል። የሃዋርድ ፍሎሪና የኧርነስት ቼይን ቡድን ያዘጋጀው ፔኒሲሊን ሲሰጣቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ትኩሳቱ በረደ፤ ምግብም መቅመስ ጀመሩ። መድኃኒቱ ግን አለቀ። ተመራማሪዎቹ ከሕመምተኛው ሽንት ጋር የወጣውን ፔኒሲሊን እያጣሩ መልሰው እስከ መስጠት ደረሱ፤ እሱም አልበቃም። አሌክሳንደር በማርች ወር ዐረፉ። በዚያን ጊዜ ፔኒሲሊንን በከንቱ ያባክናል ተብሎ የሚወቀስ ሐኪም ሊኖር አይችልም ነበር፤ የሚባክን ነገር አልነበረምና።

በአሜሪካ ጦርነቱ ሲፋፋም እጥረቱ ሰው ወከለ። የቦስተኑ ሐኪም ቼስተር ኪፈር የሚመሩት ኮሚቴ ለሲቪሉ ሕዝብ የሚተርፈውን ፔኒሲሊን እንዲያከፋፍል ኀላፊነት ተሰጠው። የታመመ ልጅ ያለው ወላጅም፣ የታመመ ሰው የያዘ ሐኪምም ልመናውን ወደ ኪፈር ነበር የሚያደርሰው። ኪፈር መድኃኒቱን የሚፈቅዱት ይሠራበታል ተብሎ ለታወቀ ሕመም ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ግን ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነገር አለ፤ በር ጠባቂውም ይሳሳታል። የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ለፔኒሲሊን አይበገርም ተብሎ ከዝርዝሩ ውጭ ሆኖ ነበር። ሊዮ ሎዌ የተባሉ የብሩክሊን ሐኪም ከፋይዘር ኩባንያ መድኃኒቱን አግኝተው ከተለመደው ከፍ ባለ መጠን ሰጡ፤ ይሞታሉ የተባሉ ሕሙማንም ዳኑ። ይህን የማነሣው ኪፈርን ለመውቀስ አይደለም። ኋላ የመጡት ተቆጣጣሪዎች ሁሉ «የከለከልኸው ሰው ቢሞትስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖራቸው የግድ ስለሆነ ነው። ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ።

ማርች 15 ቀን 1945 ፔኒሲሊን በአሜሪካ ለመድኃኒት ቤቶች ክፍት ሆነ። በር ጠባቂው ከበሩ ተነሣ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በስቶክሆልም ባደረጉት የኖቤል ንግግር ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ጉሮሮውን ታምሞ ፔኒሲሊን ገዝቶ ያነሰ መጠን የሚወስድ፣ በዚህም ጀርሞቹን መድኃኒት አስለምዶ ለሚስቱ የሚያስተላልፍ አንድ ምናባዊ ሰው ፈጠሩ። በምሳሌው ሚስትየዋ ትሞታለች። ይህ ንግግር በየጉባኤው ይጠቀሳል፤ መጠቀሱም ተገቢ ነው። እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ምሳሌው ጥፋቱን ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ፣ በገበያና በጓዳ ያስቀምጠዋል፤ ጥፋተኛው ሳይታዘዝለት የገዛ ሰው ነው። ብሪታንያም በ1947 ባወጣችው የፔኒሲሊን ሕግ መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ስትከለክል ከዚሁ አስተሳሰብ አልራቀችም። ማዘዣው በራሱ ስሕተት ቢሆንስ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነበር።

ከጠየቁት አንዷ ሜሪ ባርበር ናቸው፤ በታሪኩ ውስጥ ከሚገባቸው ያነሰ ስለሚነገርላቸው በእርሳቸው ላይ ጥቂት ልቆይ። ባርበር በለንደን ሃመርስሚዝ ሆስፒታል የባክቴሪያ ተመራማሪ ነበሩ። ቼይን ከኤድዋርድ ኤብርሃም ጋር ሆነው ፔኒሲሊንን የሚያጠፋ ኤንዛይም በባክቴሪያ ውስጥ እንዳለ ያስታወቁት ገና በ1940፣ መድኃኒቱ ለሰፊው ሕዝብ ሳይደርስ ነበር። ነገሩ ለብዙዎች የላብራቶሪ ወግ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ባርበር ግን ወደ ዋርድ ወሰዱት፤ በሆስፒታላቸው ከሕሙማን የሚገኘውን ስታፊሎኮከስ ሰብስበው ስንቱ ፔኒሲሊንን እንደሚቋቋም ቆጠሩ። በ1946 ከመቶ 14 ያህሉ ነበር። በ1947 ወደ 38 ከመቶ ወጣ። በ1948 ደግሞ 59 ከመቶ ደረሰ።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አንድ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቷቸው። መድኃኒቱ በገፍ መመረት ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመታት ነው። ባርበር ያዩት ደግሞ እያንዳንዱ ጀርም በሕመምተኛው ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ መለመዱን አልነበረም። ድሮውንም መድኃኒቱን የሚያጠፋ ኤንዛይም የነበራቸው ዝርያዎች፣ ተፎካካሪዎቻቸው በፔኒሲሊን ሲጠረጉላቸው፣ ባዶውን ሜዳ ይዘው ከአልጋ ወደ አልጋ መዛመታቸው ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ሕመምተኛና የአንድ ማዘዣ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። በአሥረኛው አልጋ ላይ ያለው ሐኪም የሚያዝዘው፣ በሃያኛው አልጋ ላይ ያለውን ሕመምተኛ ዕጣ ይወስናል። ሐኪሙ ስለ ገዛ ሕመምተኛው ብቻ እንዲጨነቅ ለሚያስተምረው ጥንታዊ የሕክምና ሥነ ምግባር ይህ እንግዳ ነገር ነበር፤ ዛሬም እንግዳነቱ ጨርሶ አልለቀቀም።

1950ዎቹ ነገሩን አከፉት። 80/81 በሚል ቁጥር የሚታወቅ የስታፊሎኮከስ ዝርያ ከአውስትራሊያ እስከ ሰሜን አሜሪካ የወሊድ ክፍሎችንና የቀዶ ሕክምና ዋርዶችን አመሰ። ባርበርና ባልደረቦቻቸው በዐሥርቱ ዓመታት ማብቂያ በሃመርስሚዝ አንድ ደንብ አስቀመጡ። የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም በጠቅላላው እንዲቀነስ፣ ፔኒሲሊን እጅግ ለተወሰነ ጉዳይ ብቻ እንዲቀመጥ፣ ሌሎቹ መድኃኒቶች በጥምር እንዲሰጡ፣ ከዚሁ ጎን ለጎን ኢንፌክሽን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበት መንገድ እንዲጠበቅ። በ1960 ውጤቱን በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አሳተሙ። መድኃኒት የተላመዱት ጀርሞች ድርሻ ወደ ኋላ ተመልሷል። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው መላመድ አንድ ጊዜ ከመጣ የማይቀለበስ አድርጎ ነበር የሚያየው። በተወሰነ ግቢ ውስጥ፣ በስምምነት፣ በተጻፈ ደንብ ሊቀለበስ እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው። ዛሬ መርሐ ግብር ብለን የምንጠራው ነገር ስም ባይኖረውም አካሉ እዚያ ይታያል። ባርበር በ1965 በመኪና አደጋ ሕይወታቸው አለፈ።

ታዲያ ሥራቸው ለምን ወዲያው አልተስፋፋም? አንዱ ምክንያት አዲስ መድኃኒት መምጣቱ ነው። ሜቲሲሊን ፔኒሲሊን የማይበግራቸውን ስታፊሎኮከሶች ሲረታ፣ ቁጠባ የድሀ ሰው ብልሃት መስሎ ታየ። ፓትሪሻ ጄቨንስ ሜቲሲሊንን የሚቋቋሙ ዝርያዎች መገኘታቸውን በ1961 ቢያስታውቁም፣ በየዓመቱ አዲስ ነገር ከፋብሪካ በሚወጣበት ዘመን የሚደነግጥ አልበዛም።

በአትላንቲክ ማዶ ግን አንድ ሰው ሲቆጥሩ ኖረዋል። በቦስተን ከተማ ሆስፒታል የነበሩት ማክስዌል ፊንላንድ፣ በዛሬዋ ዩክሬን ግዛት ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ሐኪም ናቸው። ሆስፒታሉ የከተማዋ ድሆች የሚታከሙበት ነበር። ፊንላንድና ባልደረቦቻቸው በ1959 ባሳተሙት ጥናት ከ1935 እስከ 1957 ድረስ የተመረጡ ዓመታትን ወስደው በሆስፒታሉ በደም ውስጥ የተገኙ ከባድ ኢንፌክሽኖችንና ሞቶችን አነጻጸሩ። ኒሞኮከስ የሚባለው፣ የሳንባ ምች ዋነኛ አምጪ፣ ቦታውን ለቅቋል። በእርሱ ፈንታ ስታፊሎኮከስና የአንጀት ባክቴሪያዎች ገብተዋል። አንቲባዮቲክ የሆስፒታሉን ሞት እንዳጠፋ ሲነገር፣ የእርሳቸው መዝገብ የሞቱ መልክ እንደተለወጠ ይመሰክር ነበር።

ፊንላንድ ኩባንያዎች ሁለት አንቲባዮቲክ በአንድ እንክብል አጣምረው መሸጣቸውንም አጥብቀው ተቃወሙ። ከእነዚህ ጥምር መድኃኒቶች አንዱ፣ ፓናልባ የተባለው፣ በ1970 በፍርድ ቤት ክርክር ተረትቶ ከገበያ ወጣ። ያ ለብቻው ንግግር የሚወጣው ታሪክ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ለእኛ የሚበቃን፣ መንግሥት ስለ ፋብሪካው ሊወስን መቻሉ ነው። በዋርድ ውስጥ ስለሚጻፈው ማዘዣ ግን ማንም አልወሰነም።

በዚያው ዓመት፣ ማለትም በ1970፣ ላንሴት መጽሔት ከግላስጎው አካባቢ አንድ አስገራሚ ዘገባ አወጣ። ፕራይስና ስሌይ የተባሉ ሐኪሞች በሚሠሩበት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ክፍል ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ ሕሙማኑን ይፈጃል፤ መድኃኒትም አይመልሰውም። ሌላ ዘዴ ሁሉ ሲያልቅባቸው አንቲባዮቲክ የሚባለውን በሙሉ፣ ለመከላከያም ሆነ ለማከሚያ የሚሰጠውን፣ ከክፍሉ አነሡ። ወረርሽኙ ከሰመ። ይህን መንገድ ማንም እንደ ደንብ አይመክረውም፤ ለአእምሮ ግን ትልቅ መደነቅ ነበር። በሽታውን በሕይወት ያቆየው መድኃኒቱ ራሱ ነበርና።

አሁን ወደ ሥልጣኑ ጥያቄ እንመለስ። በ1973 ካልቪን ኩኒን የአንቲባዮቲክ ብክነት በአሜሪካ ሆስፒታሎች ሥር የሰደደ ችግር መሆኑን ጽፈው አንዳንድ መፍትሔዎችን አቀረቡ። በቀጣዩ ዓመት ጆን ማክጋዋን የተባሉ ወጣት ሐኪም ከፊንላንድ ጋር ሆነው የቦስተኑን ልምድ አሳተሙ። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ የተወሰኑ መድኃኒቶችን ማዘዝ የሚፈልግ ሐኪም ለምን እንደሚፈልጋቸው እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ማብራሪያ የሚጠየቅባቸው መድኃኒቶች አጠቃቀም ዝቅ ብሎ ተገኘ። እኔ በዚህ ውስጥ የማየው የሰውን ጠባይ ነው። ክልከላው ብዙ ሥራ አልሠራም ይሆናል። ሐኪሙ ለባልደረባው በቃል ሊያስረዳው የማይችለውን ነገር ለማዘዝ ማፈሩ ግን ሠርቷል።

ከዚህ በኋላ የመጡት መርሐ ግብሮች ሁሉ ከሁለት መንገዶች አንዱን ወይም ሁለቱንም ይዘዋል። አንደኛው ቅድመ ፈቃድ ነው፤ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ይጠየቃል። ሁለተኛው ከታዘዘ በኋላ ባለሙያ ማዘዣውን መርምሮ አስተያየቱን ለሐኪሙ ማቅረቡ ነው። የመጀመሪያው ፈጣንና ጥብቅ ነው፤ ጠብም አያጣውም። ሁለተኛው ዝግ ያለ ነው፤ ሐኪሙን ግን ያስተምረዋል።

ስሙ የመጣው ከሁሉም ዘግይቶ ነው። በ1996 እኚሁ ማክጋዋን ከዴል ጌርዲንግ ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበትን ቃል ተጠቀሙ። ቃሉ በእንግሊዝኛ የሌላውን ሰው ንብረት በአደራ ይዞ የሚያስተዳድርን ሰው ሥራ ያመለክታል። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ «ቁጥጥር» ወይም «አግባብነት ያለው አጠቃቀም» እያልን እንተረጉመዋለን። እኔ በግሌ «መጋቢነት» ይሻለዋል ባይ ነኝ። የገዳም መጋቢ ጎተራው የራሱ አይደለም፤ እህሉንም ለመቆለፍ አይደለም የተሾመው፤ ለዛሬው ማኅበርተኛም ለከርሞውም እንዲበቃ አድርጎ ሊያወጣ እንጂ። ቃሉን ለመመሪያ አዘጋጆች ትቼዋለሁ።

ስሙ ከተሰጠ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ሥራው የመጀመሪያውን ትልቅ ትምህርት አገኘ። በኒው ዮርክ ክዊንስ የሚገኝ አንድ ሆስፒታል ክሌብሲየላ ሴፍታዚዲም የተባለውን መድኃኒት ስለተላመደበት የሴፋሎስፖሪን ወገን የሆኑትን መድኃኒቶች አጠቃቀም 80 ከመቶ ቀነሰ። ጄምስ ራሃልና ባልደረቦቻቸው በ1998 ባሳተሙት ዘገባ መሠረት የተላመደው ክሌብሲየላ 44 ከመቶ ቀነሰ። ድል ነው። ነገር ግን ሐኪሞቹ በተከለከሉት ፈንታ ወደ ኢሚፔነም ዞረው ነበርና፣ ኢሚፔነምን የሚቋቋም ሱዶሞናስ 69 ከመቶ ያህል ጨመረ። አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን መርሳት ጠላትን ማዛወር ብቻ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ጥናት ሲያነቡ ብዙዎቹ ተስፋ ይቆርጣሉ፤ እኔ ግን ከታሪኩ ሁሉ ሐቀኛው ገጽ ይመስለኛል። ያልተሳካውን ቁጥር ከተሳካው ጎን አስቀምጠው አሳትመዋልና።

የኪፈርን ጥያቄ አልረሳሁም፤ የተከለከለው ሰው ቢሞትስ? ለዚህ ጥያቄ ሰፊው መልስ የተገኘው ፒተር ዴቪና ባልደረቦቻቸው በ2017 ባወጡት የኮክሬን ክለሳ ነው። 221 ጥናቶችን መረመሩ። በዕጣ ተደልድለው በተነጻጸሩት ጥናቶች መርሐ ግብር ባለበት የሕክምናው ርዝመት በአማካይ ወደ ሁለት ቀን ገደማ አጠረ፤ የሞቱት ሰዎች መጠን ግን በሁለቱም ወገን 11 ከመቶ ነበር። ሁለት ቀን ትንሽ ይመስላል። በአንድ ዋርድ ውስጥ ባሉት አልጋዎች፣ በዓመቱ ውስጥ ባሉት ሳምንታት አባዙት።

በአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2014 ለሆስፒታሎች መርሐ ግብር ሰባት መሠረታዊ ነገሮችን ዘረዘረ፤ የመጀመሪያው የአመራሩ ቁርጠኝነት ነው። ከ2017 ጀምሮም ለሆስፒታሎች የጥራት ዕውቅና በሚሰጠው ድርጅት ዘንድ መርሐ ግብሩ ግዴታ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በዚያው ዓመት አንቲባዮቲኮችን በሦስት ምድብ ከፈለ፤ በቀላሉ የሚገኙ፣ በጥንቃቄ የሚታዩ፣ ለመጨረሻ የሚቀመጡ። ይህ ሁሉ ግን የተላላፊ በሽታ ልዩ ሐኪምና የዳበረ ላብራቶሪ ያለው ሆስፒታል ታስቦ የተጻፈ ይመስላል። እነዚህ በሌሉበትስ?

ከአህጉራችን መልስ የሰጠችው ደቡብ አፍሪካ ናት። ኤድሪያን ብሪንክና ባልደረቦቻቸው በ47 የግል ሆስፒታሎች ሥራውን በተላላፊ በሽታ ያልሠለጠኑ የመድኃኒት ባለሙያዎች እንዲመሩት አደረጉ። ባለሙያዎቹ የሚያዩት ጥቂት ግልጽ ነገሮችን ነው። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የካልቸር ናሙና ተወስዷል ወይ? መድኃኒቱ ከ7 ቀን፣ ከ14 ቀን አልፏል ወይ? በአንድ ጊዜ ከአራት በላይ አንቲባዮቲክ ታዝዟል ወይ? አንዱ የሚሸፍነውን ሌላው በከንቱ ይደግመዋል ወይ? ልዩ ሊቅነት የሚጠይቅ አንድም የለበትም። በ2016 በታተመው ውጤት መሠረት የአንቲባዮቲክ ፍጆታው በ18 ከመቶ ቀንሷል።

በአገራችን ብሔራዊ ስትራቴጂው በ2015 ተሻሽሎ ወጣ፤ በ2018 ደግሞ በሆስፒታሎች መርሐ ግብሩ እንዴት እንደሚቋቋም የሚያሳይ ተግባራዊ መመሪያ ታተመ። መመሪያ መኖሩና በዋርድ ውስጥ መኖሩ ግን ሁለት ነገር ነው፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ካልቸር የሚሠራ ላብራቶሪ በሌለበት፣ ወይም ኖሮ ኬሚካሉ ባለቀበት ሆስፒታል፣ ሌሊት ተረኛ የሆነ ወጣት ሐኪም ትኩሳት ላለበት ሰው ሴፍትሪያክሶን ቢያዝዝ ልወቅሰው አልችልም። ጥያቄው በሦስተኛው ቀን ማን ይጠይቀዋል የሚለው ነው።

በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የተካሄደና በ2020 የታተመ ጥናት ይህንኑ ጥያቄ በተግባር ሞከረው። የመድኃኒት ባለሙያዎች በዋርዶች እየተገኙ የታዘዘውን አንቲባዮቲክ ይመረምራሉ፤ አስተያየታቸውንም ለሐኪሞቹ ያቀርባሉ። ከታዘዘው አንቲባዮቲክ ግማሽ ያህሉ የማያስፈልግ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቻችን እንጠብቀው ከነበረው በተቃራኒ ሐኪሞቹ አልተጣሉም፤ ከሞላ ጎደል ምክሩን ሁሉ ተቀበሉ። ስለ ሥልጣን ለጠየቅሁት ጥያቄ ከቦስተን ወዲህ ያየሁት ጠንካራ መልስ ይህ ነው። ሥልጣኑ ከላይ በደብዳቤ የተሰጠ አልነበረም፤ በየማለዳው አልጋው ዘንድ በመገኘት የተገኘ ነበር።

ጥናቱ ሁለተኛ ክፍል ነበረው። የምርመራው ጊዜ አብቅቶ ባለሙያዎቹ ምክር መስጠታቸውን ሲያቆሙ፣ ተመራማሪዎቹ በዚያው ሆስፒታል የሚሆነውን መመዝገባቸውን ቀጠሉ። ሐኪሞቹ በአብዛኛው እዚያው ሆስፒታል የሚሠሩት ናቸው፤ መመሪያውም አልተሻረም። ሕሙማን አንቲባዮቲክ የሚወስዱባቸው ቀናት ግን እንደገና በግማሽ ያህል ጨመሩ፤ በሆስፒታል የሚቆዩበትም ጊዜ ረዘመ። አንድ ሆስፒታል ነው፤ ሁለቱ ጊዜያት የተነጻጸሩትም በዕጣ ተደልድለው አይደለም፤ ስለዚህ ከሚሸከመው በላይ አላሸክመውም። ሆኖም የመድኃኒት ባለሙያ የሥራ መደብ በበጀት ሲጸድቅ «በዋርድ መገኘት» የሚለው ሥራ በየትኛው መስመር ላይ እንደተጻፈ፣ ወይም ጨርሶ እንዳልተጻፈ፣ እዚህ ያላችሁ የሆስፒታል ኀላፊዎች ነገ ጧት ፋይሉን ከፍታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ ላቁም። ሰዓታችን ስለደረሰ ጥያቄ ያላችሁ፣ ከኋላ ካሉት እንጀምር።